ካሜራው ወዴት ዞሯል? ፊልሞች የሕፃናትን ጥቃት የሚያሳዩበት መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ፣ ቤተሰብ በርና መስኮት ከፍቶ ቴሌቪዥን ዙሪያ የሚሰባሰብበት ሰዓት አለ። ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፤ ልጆች ከአዋቂዎች እግር ሥር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይቀላቀላል። ፊልሙ በአንዲት ልጅ ላይ በደል ወደሚደርስበት ትዕይንት ሲቃረብ ግን አንድ ሰው ሪሞት ያነሣል፤ ሪሞት ካልተገኘ ደግሞ ትንሿ ልጅ «እስኪ ውኃ አምጪ» ተብላ ትላካለች። ትዕይንቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለታየው ነገር አንድም ቃል አይነሣም።

ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ያችን አጭር ጊዜ ነው፤ ማለትም ፊልም ሠሪዎች ይህን ከባድ ጉዳይ እንዴት እንደሚያቀርቡት፣ ተመልካች ከዚያ ምን ይዞ እንደሚነሣ፣ ይዞት የሚነሣውም ነገር አንዳንዴ ዓይን የሚከፍት፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓይንን ወደተሳሳተ አቅጣጫ የሚያዞር የሚሆነው ለምን እንደሆነ ነው።

«የሕፃናት ጥቃት» የሚባለው የቱ ነው?

በሕግ አነጋገር ሕፃን ማለት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው ነው። በመንደር ወሬ ግን «ሕፃን» የምንለው በአዋቂ እጅ ተይዞ የሚሄደውን ልጅ ስለሆነ፣ በ15 ዓመት ልጅ ላይ የደረሰ በደል ሲነገር «እሷማ ደርሳለች» የሚል መልስ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 36ን ለሕፃናት መብት ሰጥቶ፣ ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማትም የአካል ቅጣትና የጭካኔ አያያዝ እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥቃትን በአራት ይከፍለዋል፤ አካላዊ፣ ጾታዊ፣ ስሜታዊ እና ችላ ባይነት። የመጨረሻው ልጅን አለመመገብ፣ ሲታመም አለማሳከም፣ ትምህርት ቤት አለመላክ፣ ውሎ አዳሩን አለመጠየቅ የመሳሰለውን ይይዛል። ከአራቱ ለካሜራ የሚመቹት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዱላና መደፈር መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው ድርጊቶች ስለሆኑ ወደ ትዕይንት ይለወጣሉ። ለዓመታት «አንተ ደደብ» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ወይም ማንም «በላህ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቀው ያደገ ልጅ ታሪክ ግን በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ መግቢያ በር ያጣል። ብዙዎቻችን «ጥቃት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወዲያው ስለ መደፈር ብቻ የምናስበው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፊልም ከዘገባ ይልቅ ልብ የሚነካው ለምንድን ነው?

ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የዓለም ልጆች መካከል እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱት በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥቃት እንደደረሰባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አያለቅስም፤ የሰው ልብ የሚራራው ለቁጥር ሳይሆን ስምና ፊት ላለው ነውና። ፊልም ከቢሊዮኑ ውስጥ አንዷን ልጅ መርጦ ስሟን፣ ደብተሯን፣ ሳቋን አስቀድሞ ያስተዋውቀናል። በኋላ የሚደርስባት ነገር የማናውቃት ሰው ላይ የደረሰ መስሎ አይሰማንም።

ሌላው የፊልም ጉልበት ያለው በአርትዖት ማለትም የተቀረጹ ምስሎችን ቆርጦ በመቀጣጠል ላይ ነው። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አንድ ምንም ስሜት የማይነበብበትን የተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን አጠገብ ቀጥሎ አሳየ። ተመልካቾች መጀመሪያ ረኃብን፣ ቀጥሎ ኀዘንን ያዩ መሰላቸው፤ ፊቱ ግን አንድ ነበር። ትርጉሙን የሠራው የተመልካቹ አእምሮ ነው። ብስል የሆኑ ፊልም ሠሪዎች ጥቃትን የሚያሳዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚዘጋ በር፣ ደጃፍ ላይ የቀረ አንድ እግር ጫማ፣ ሆን ተብሎ ድምፁ ከፍ የተደረገ ሬዲዮ፣ ከዚያ በማግስቱ ቁርስ ላይ ዓይኗን የማታነሣ ልጅ። ድርጊቱ በካሜራው ፊት አልተፈጸመም፤ ተመልካቹ ግን ሁሉንም አይቷል።

ይህ አቀራረብ ለጨዋነት ሲባል ብቻ የተመረጠ አይደለም። ድርጊቱን በዝርዝር የሚያሳይ ካሜራ ሳያውቀው የአጥቂውን ዓይን ይዋሳል፤ የተጠቂዋን ልጅ ገላም ለሁለተኛ ጊዜ ለዕይታ ያቀርባል። ከበሩ ውጭ የቆመው ካሜራ ግን ተመልካቹን የሰማና ዝም ያለ ጎረቤት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። የአንድ ፊልም ደረጃ የሚለካው ካሜራው የማንን ቦታ እንደያዘ በማየት ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ፊልም ሕግ ሊያስቀይር ይችላል?

አንዳንዴ ይችላል። በደቡብ ኮሪያ ጓንግጁ ከተማ በሚገኝ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በተማሪዎች ላይ ለዓመታት ጾታዊ ጥቃት ይፈጽሙ ነበር። ጉዳዩ በቴሌቪዥን ተዘግቧል፤ ፍርድ ቤትም ቀርቧል፤ ቅጣቱ ግን ቀላል ነበር፤ ሕዝቡም ረሳው። በ2011 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ላይ «ዶጋኒ» የተሰኘው ፊልም ወጥቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በየሲኒማ ቤቱ ሲያዩት ግን ነገሩ ተለወጠ። ምርመራው እንደገና ተከፈተ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የሀገሪቱ ምክር ቤትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ባሉ ልጆችና በአካል ጉዳተኞች ላይ በሚፈጸም ጾታዊ ወንጀል ላይ የይርጋን ገደብ ያነሣ ማሻሻያ አጸደቀ። (ይርጋ ማለት የተወሰነ ዘመን ካለፈ በኋላ ክስ ማቅረብን የሚከለክል የሕግ ገደብ ነው፤ ልጅ ሆኖ የተጠቃ ሰው አድጎ ሊናገር ሲነሣ «ጊዜው አልፏል» የሚባለው በእርሱ ነው።) ማሻሻያው ዛሬም በፊልሙ ስም ይጠራል።

በእኛ ሀገር ነገሩ የሄደው ተገላቢጦሽ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ መንገድ ይሰጥ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላትም ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ማኅበሩን በወቅቱ የመሩት መዓዛ አሸናፊ ከዓመታት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣውን ቀዳዳ ዘጋ። ይህን ታሪክ መነሻ ያደረገው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም የወጣው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫልም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

እዚህ ላይ ፊልሙ ሕግ አላስቀየረም። ሥራው ሌላ ነው፤ ጠለፋ ወንጀል መሆኑን በወረቀት ላይ የማያነብ ሰው፣ አንቀጽ መጥቀስ የማይችል አባት፣ ነገሩን በዓይኑ አይቶ እንዲረዳው ማድረግ። ሕግ ከወጣ በኋላም ልማድ ቶሎ አይለቅምና።

ታዲያ ፊልም የሚያሳስተን የት ላይ ነው?

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ጎርፉ ሲመጣ ግን ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ውኃው የዘነበው ከተማው ላይ አልነበረም፤ ከሰዓታት በፊት ከበላይ ባሉት ተራሮች ላይ እንጂ። አብዛኞቹ ፊልሞች የሚያሳዩን ጎርፉ ከተማ ሲገባ ነው። ተራራው ላይ የዘነበውን አያሳዩም።

የሕፃናት ጾታዊ ጥቃት ብዙውን ጊዜ በድንገት አይጀምርም። አጥቂው አስቀድሞ ልጁን ያለማምዳል፤ ከረሜላና የሞባይል ካርድ ይሰጣል፤ ወላጆችን ያግዛል፤ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» የሚል ትንሽ ምሥጢር ይፈጥራል፤ ምሥጢሩ ሲጠበቅለት ከፍ ወዳለው ይሸጋገራል። ይህ ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ፊልም ግን ጊዜ ስለሚያጥረው ይህን ይዘለዋል፤ በምትኩ ጨለማ መንገድ፣ የማይታወቅ ሰው፣ ጠባሳ ያለበት ፊትና የሚያስፈራ ሙዚቃ ያቀርባል። በእውነቱ ዓለም አጥቂው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ የቤተሰብ ወዳጅ። ከእንዲህ ዓይነቱ ፊልም የወጣች እናት ልጇን «ከማታውቀው ሰው ጋር እንዳትሄጂ» ብላ ታስጠነቅቃለች፤ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ የሚያሳዝነው ግን አጎት ሲመጣ በሩን ራሷ የምትከፍተው መሆኗ ነው።

ሌላው የሚዘለለው ከጥቃቱ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው። በፊልም ውስጥ ከለቅሶው ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ ቤት ነው። በመካከሉ ያለውን ማንም አያሳየንም፤ የልጅን ጤንነትና ፍትሕ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። የተደፈረ ልጅ ገላው ሳይታጠብ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ የለበሰው ልብስ ሳይታጠብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዛል፤ በፌስታል ውስጥ ላብና እርጥበት ማስረጃውን ያበላሻልና። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይበረታል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው እንክብል እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ ነገር ግን በየቀኑ ኃይሉ ይቀንሳል። አንድ ፊልም ስለ ነርሷ፣ ስለ ወረቀቱና ስለ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ከአሥር የፍርድ ቤት ንግግር በላይ ይጠቅማል።

ሽምግልናም እንዲሁ ነው። በብዙ ፊልሞቻችን ሽማግሌዎች ሲገቡ ሙዚቃው ይለሰልሳል፤ ነገሩ የተፈታ ይመስላል። በሕጉ ዓይን ግን በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 የሆነ ልጅ ስትጠቃ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ አንቀጽ 627 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ክሱንም የሚያቀርበው መንግሥት ስለሆነ የቤተሰብ ይቅርታና የካሣ ገንዘብ አያቋርጠውም።

ስለ ወንዶች ልጆች ደግሞ ዝምታው ይብሳል። ሕጉ በአንቀጽ 631 ለእነርሱም ጥበቃ ያደርጋል፤ «ተደፈረ» የሚለውን ቃል ግን በአማርኛ ፊልም ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምተናል? በባቡርና በአውቶቡስ ድሬዳዋ ገብተው ቀን ቀፊራ ገበያ ሸቀጥ እየተሸከሙ ሌሊት በረንዳ የሚያድሩ ወንዶች ልጆች በፊልም ውስጥ የሚታዩት ኪስ አውላቂ ወይም አስቂኝ ሆነው ነው።

በምሥራቁ ክፍል ያለው ጉዳይ በፊልም ታይቷል?

በከፊል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል፤ በሶማሌ፣ በሐረሪና በድሬዳዋ ያለው መጠን ከዚህ አማካይ በላይ ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን ይቀጣል። «የበረሃ አበባ» የተባለው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም የሶማሊያዊቷን የዋሪስ ዲሪን ሕይወት ሲያሳይ ዋናዋን ሚና የተጫወተችው ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ ናት፤ የልጅነቷን ክፍል የተጫወተችው ደግሞ ከእኛ ባቡር መጨረሻ ጣቢያ፣ ከጅቡቲ የተመረጠች ትንሽ ልጅ ናት። የልጅቷ ወላጆች ልጃቸውን እንዳይገርዙ ከዲሪ ድርጅት ጋር ውል ፈርመዋል። ፊልሙ ገና ለተመልካች ሳይደርስ አንዲት ልጅ ላይ ውጤት ማምጣቱ ለእኔ ከሽልማቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ያልታየችው ደግሞ ከሐረርጌ ገጠር «ላስተምራት» ተብላ ድሬዳዋ ወይም ጀጎል ውስጥ ዘመድ ቤት የምትገባው የ11 ዓመት ልጅ ናት። ቤቱ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ታጥባለች፤ ሕፃን ታዝላለች፤ ትምህርት ቤቱ ለከርሞ ይባላል። በድራማዎቻችን ውስጥ በእርግጥ አለች፤ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ሳህን ሰብራ ትጮኻለች፣ ተመልካች ይስቃል። የአራቱም ዓይነት ጥቃቶች ሰለባ ልትሆን የምትችለው ልጅ በካሜራው ፊት በየምሽቱ እያለፈች ማንም አያያትም።

ፊልም አይቶ ማልቀስ ወደ ተግባር ይለወጣል?

ለቅሶ ብቻውን አይለወጥም። የሚለወጠው ተመልካቹ «እኔ ምን አደርግ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው ገጸ ባሕርይ ሲኖር ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎቹ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ማቆም ጀመረ፤ መልካሙን፣ ክፉውንና በሁለቱ መካከል የሚወላውለውን። ተመልካች ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ነው፤ ይፈራል፣ ይሳሳታል፣ ዋጋ ይከፍላል፣ ቀስ ብሎ ይለወጣል። በ2002 እና በ2004 እ.ኤ.አ. መካከል በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ሁኔታ ያስተማረው በዚሁ ዘዴ ነበር።

በሕፃናት ጥቃት ፊልሞች ውስጥ ይህ የሚወላውል ሰው ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ጨካኝ አጥቂ አለ፤ ጀግና ጠበቃ አለች። ከግድግዳው ማዶ ለቅሶ ሰምታ «የሰው ገመና ነው» ብላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የምትጨምረው ጎረቤትስ? እርሷ ከሌለች ተመልካቹ ራሱን ከጀግናይቱ ጋር አስቀምጦ በሰላም ይተኛል።

ሕፃኑ ተዋናይና የታሪኩ ባለቤትስ?

ትዕይንቱን የሚጫወተው ልጅ እውነተኛ ልጅ ነው። ጥንቃቄ ያለው አዘጋጅ ልጁንና አጥቂውን የሚጫወተውን ተዋናይ ለየብቻ ይቀርጻል፤ ልጁ ሲፈራ የሚታየው አሻንጉሊት ወይም ውሻ እያየ ሊሆን ይችላል፤ ኩሌሾቭ ያሳየው የመቀጣጠል ጥበብ ቀሪውን ይሠራል። የታሪኩን ባለቤት በተመለከተ ደግሞ «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በሚመረቅበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱ ይታወሳል፤ መነሻውም የእውነተኛይቱ ባለታሪክ ሕይወት ወደ ፊልም የተወሰደበት መንገድ ያስነሣው ክስ ነበር። ፊልሙ በኋላ ቢፈቀድም፣ የተጠቃ ሰው ታሪኩን ማን ይናገርልኝ ብሎ የመምረጥ መብት እንዳለው ያሳየ ክርክር ነው።

ልጆች አጠገባችን ተቀምጠው ከሆነስ?

ለአዋቂ የተሠራ ትዕይንት ለልጅ አይደለም፤ ሪሞቱ ቢነሣ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው፤ ልጅ ከዝምታው የሚማረው ይህ ነገር የማይነገር ነውር መሆኑን ነው፤ በራሱ ላይ ቢደርስም ዝም ይላል። «ልጅቷ ለማን ብትናገር ይሻላት ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ በልጁ ቋንቋ ቀለል አድርጎ መጠየቅ በቂ መጀመሪያ ነው። ልጁ የሚጠራው ስም የእናቱ ካልሆነ፣ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ መስማት ያስፈልጋል።

ካሜራ ከፊልም ውጭ ልጅን ሊያግዝ ይችላል?

በሀገራችን ለሕፃናት ተስማሚ በሆኑ ችሎቶች ካሜራ ሌላ አገልግሎት አለው። ልጅዋ የምትመሰክረው አጥቂዋ ፊት ቆማ አይደለም። መጫወቻ ባለበት የተለየ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ባለሙያ ጋር ትቀመጣለች፤ የዳኛው ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ወደ ባለሙያዋ ይደርሳል፤ እርሷም ጥያቄውን በልጅ አነጋገር ለውጣ ታቀርበዋለች። የልጅዋ ፊትና ድምፅ በካሜራ አማካይነት ችሎቱ ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ ይታያል። ዳኛው ያያታል፣ ዐቃቤ ሕጉ ያያታል፣ ተከሳሹም ይሰማታል። እርሷ ግን የምታየው ባለሙያዋንና መጫወቻዎቹን ብቻ ነው።